ለሰሊጥ ገዢዎች በኢሜይል ለመጻፍ ስንት አካውንት ያስፈልጋል፣ እንዴትስ ተዘጋጅቶ ይሟሟቃል?

ሰሊጥ ላኪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሰሊጥ፣ ማሾና ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ በሚልክ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። እስካሁን ገዢዎቻችን የመጡት በደላሎችና በነባር ትውውቅ ሲሆን፣ ዘንድሮ ግን ያለ አገናኝ በቀጥታ እንድንጽፍላቸው ተወስኗል። በእስራኤል የሚገኙ የጣሂና (ከሰሊጥ የሚሠራ ቅቤ መሰል ምግብ) ፋብሪካዎችን፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ ያሉ አስመጪዎችን፣ የዱባይ ነጋዴዎችንና በአሜሪካ ያሉ የምግብ አከፋፋዮችን ያካተተ፣ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጋ ስም የያዘ ዝርዝር አዘጋጅተናል። ዝርዝሩ ከንግድ ትርኢት ማውጫዎችና ከኩባንያዎቹ ድረ ገጾች በእጅ የተለቀመ እንጂ የተገዛ አይደለም።

ሥራ አስኪያጃችን ከአንድ የዩቲዩብ ትምህርት ያገኙት ዕቅድ እንዲህ ይላል፦ ከዋናው ዶሜይናችን (በኢሜይል አድራሻችን ከ@ ቀጥሎ ካለው ስም) ጋር የሚመሳሰሉ ስድስት ዶሜይኖች ይገዙ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ሦስት ሦስት አካውንት ይከፈት፤ ሁሉም በአውቶማቲክ የማሟሟቂያ አገልግሎት (አዲስ አካውንት በማጣሪያዎች ዘንድ እንዲታመን በሚያለማምድ አገልግሎት) ለጥቂት ሳምንታት እርስ በርስ ሲጻጻፉ ይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ መልእክቱ በአሥራ ስምንቱ አካውንቶች ተከፋፍሎ ይላክ። እንዲህ ከተደረገ አንዱ ቢታገድ እንኳ ሌሎቹ ይቀጥላሉ ነው ሐሳባቸው።

እኔን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። የእነዚህ ሁሉ አካውንቶች ክፍያ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ ወጪው ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ባለፈው ወቅት ከዋናው አድራሻችን ከላክናቸው የዋጋ ማቅረቢያዎች መካከል አንዱን ገዢው ከአይፈለጌ መልእክት ሳጥን ውስጥ ፈልጎ እንዳገኘው ነግሮናል፤ ስለዚህ አካውንት ከማብዛታችን በፊት መስተካከል ያለበት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ እጠራጠራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ የአካውንቶቹን ብዛት፣ አዘገጃጀታቸውንና የማሟሟቁን ሥራ በተመለከተ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ አካውንት በቀን ሃያ አዲስ ደብዳቤ ብቻ ቢልክ፣ ሰባት መቶ ስም የያዘው ዝርዝርዎ በሠላሳ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ሁለት ሰዎች ቢካፈሉት ደግሞ ከአራት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሰሊጥ በአንድ ሳምንት ተሸጦ የሚያልቅ ዕቃ ባለመሆኑ፣ እንዲሁም በቀን ከዚያ በላይ ምላሽ ቢመጣ ናሙና የሚልክና ዋጋ የሚያሰላ ሰው በቢሮው ውስጥ ስለማይኖር፣ ከዚህ የፈጠነ መላኪያ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። አሥራ ስምንት አካውንት የሚለው ምክር የመነጨው በየቀኑ በሺዎች ከሚልኩ የማስታወቂያ ድርጅቶች ነው፤ ለእነሱ የሚሠራው ለእናንተ አይሠራም።

ጣሪያውን ማወቅ ከፈለጉ፣ በክፍያ የሚሰጠው ጎግል ወርክስፔስ ለአንድ ተጠቃሚ በቀን እስከ 2,000 መልእክት፣ ነጻው ጂሜይል ደግሞ እስከ 500 መልእክት እንዲልክ ይፈቅዳል። ይህ ግን ሲስተሙ የሚያቆምበት ገደብ እንጂ አንድ አዲስ አካውንት በደኅና ሊልከው የሚችለው መጠን አይደለም። ትናንት የተከፈተ አድራሻ ዛሬ ለሦስት መቶ እንግዳ ሰዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቢልክ፣ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ ሊታገድ ይችላል።

ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 አስታውቀው ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋሉትን ደንብ ሥራ አስኪያጅዎ ቢያነቡት መልካም ነው። ወደ ግል የጂሜይል አድራሻዎች በቀን 5,000 ያህል መልእክት የሚልክ ሁሉ የጅምላ ላኪ ተብሎ ይመደባል፤ ቆጠራውም በአካውንት ሳይሆን በዋናው ዶሜይን ስለሆነ፣ በአንድ ዶሜይን ሥር አካውንት ወይም ንዑስ ዶሜይን ማብዛት ከቆጠራው አያድንም። አንዴ በዚያ ምድብ የገባ ዶሜይን ደግሞ ምድቡ አይነሣለትም። ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክና ለሆትሜይል ተጠቃሚዎቹ ከሜይ 2025 ጀምሮ የሚመሳሰል ደንብ አውጥቷል። እናንተ ወደዚህ ቁጥር እንደማትጠጉ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከደንቡ ውስጥ ለትንሹም ለትልቁም ላኪ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ይኸውም «ይህ አይፈለጌ ነው» ብለው የሚጠቁሙ ተቀባዮች ከመቶ 0.3 መድረስ እንደሌለባቸው፣ ይልቁንም ከ0.1 በታች ቢሆኑ እንደሚመረጥ የሚደነግገው ነው። በቀን ሃያ ደብዳቤ ለሚልክ ሰው አንድ ቅሬታ ብቻ የዕለቱን አምስት በመቶ ይይዛል። ስለዚህ የእናንተ መከላከያ ተቀባዩን በጥንቃቄ መምረጥ ነው፤ አካውንት በመቁጠር የሚገኝ ደኅንነት የለም።

ስለሚመሳሰሉት ዶሜይኖች ደግሞ የበለጠ የሚያሳስበኝ ከስፓም (ከአይፈለጌ መልእክት) ማጣሪያው ውጪ ያለ ጉዳይ ነው። በወጪ ንግድ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ማጭበርበር አለ፦ አጭበርባሪው የላኪውን ዶሜይን በአንድ ፊደል ወይም በአንድ ሰረዝ የሚለይ ስም ይገዛል፤ በመካከል ገብቶ ለገዢው «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል፤ ገንዘቡም ወደማይታወቅ ሒሳብ ይሄዳል። እናንተ ራሳችሁ ስድስት ተመሳሳይ ስሞች ይዛችሁ ከገዢዎች ጋር ከተጻጻፋችሁ፣ ሰባተኛው የአጭበርባሪ ስም ሲመጣ ገዢው በምን ይለየዋል? ገዢ ሊለምደው የሚገባው የድርጅታችሁ ስም አንድ ብቻ ነው።

ይህ ብቻም አይደለም። መልእክትን በብዙ ዶሜይኖችና በብዙ አድራሻዎች ላይ በትኖ እያንዳንዱን ትንሽ በማስመሰል ማጣሪያን ለማምለጥ መሞከር፣ በስፓም መከላከል ሥራ ውስጥ «ስኖውሹ» የሚል ስም የወጣለት የታወቀ ዘዴ ነው። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎችን የሚከታተለው ስፓምሃውስ የተባለው ድርጅትም ይህን ዓይነቱን አላላክ ለይቶ በጥቁር መዝገቡ ያሰፍራል። በተጨማሪ አዲስ የተመዘገበ ዶሜይን ለመጀመሪያው ሃያ አራት ሰዓት ብቻውን የሚመዘገብበት ዝርዝር ስላለው፣ ዶሜይን ገዝቶ በዚያው ዕለት መላክ በር ላይ መመለስን ሊያስከትል ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ እንደ እኔ አስተያየት የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። የዋጋ ማቅረቢያዎ አይፈለጌ መልእክት ሳጥን ውስጥ ከገባ፣ ቀድመው የሚመረመሩት ሦስት የዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መረጃ ለሌሎች ሰርቨሮች የሚታይበት ሥርዓት) መዝገቦች ናቸው።

ኤስፒኤፍ የተባለው መዝገብ በዶሜይናችሁ ስም ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር አንድ የጽሑፍ መስመር ነው። አንድ ዶሜይን ሊኖረው የሚገባው አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ነው፤ ሁለት ሆነው ከተገኙ ተቀባዩ ሰርቨር ሁለቱንም እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይተዋቸዋል። ይህ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ በሲፓናል (በድረ ገጽ ማስተዳደሪያው) የመጣውን የአስተናጋጁን መስመር እንዳለ ትቶ፣ የጎግልን ወይም የማይክሮሶፍትን መስመር እንደ አዲስ ሲጨምርበት ነው። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ መስመር ማዋሐድ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የሚጠሩት የሌሎች ዶሜይኖች ፍለጋም ከአሥር መብለጥ የለበትም።

ዲኪም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ሲሆን፣ ተቀባዩ ፊርማውን የሚያረጋግጠው በዲኤንኤስ ላይ በተቀመጠው ይፋዊ ቁልፍ ነው። በጎግል ወርክስፔስ ቁልፉን ከአስተዳዳሪው ገጽ ካመነጩና በዲኤንኤስ ካስቀመጡ በኋላ፣ ተመልሰው ማረጋገጫውን የሚያስጀምረውን አዝራር መጫን አለብዎት፤ ብዙ ሰው መዝገቡን አስገብቶ ይህን የመጨረሻ እርምጃ ይረሳውና ለወራት የራሱ ዶሜይን ፊርማ ሳይኖረው ይልካል።

ዲማርክ ሁለቱን ያስተሳስራል። ተቀባዩ በ«ላኪ» መስመር ላይ የሚያየው ዶሜይን፣ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ካረጋገጠው ዶሜይን ጋር አንድ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ካልሆነም ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። ሲጀምሩ ምንም እርምጃ በማያዘው ደረጃ አስቀምጠው ሪፖርት እንዲላክልዎ ያድርጉ፤ ሪፖርቱ ንጹሕ ሲሆን ወደ ማግለያው፣ ከዚያም ወደ ሙሉ እገዳው ያሳድጉት። ቀደም ብዬ ያነሣሁትን ማጭበርበር በተመለከተ፣ ሙሉ እገዳው ሌላ ሰው በራስዎ ዶሜይን ስም አስመስሎ እንዳይልክ ይከላከላል፤ በተመሳሳይ ስም የሚመጣውን ግን አይከላከልም።

ሦስቱ መሥራታቸውን ለማወቅ ወደ ራስዎ የግል ጂሜይል አንድ መልእክት ይላኩ፤ ከመልእክቱ ቀኝ ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች «ኦሪጂናሉን አሳይ» የሚለውን ይክፈቱ። በገጹ አናት ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ በየመስመራቸው ተዘርዝረው በእያንዳንዳቸው አንጻር «ፓስ» የሚል ካላዩ፣ ስለ ማሟሟቅ ማውራት ገና ነው።

የእኔ ምክር በዋናው ዶሜይን ላይ በእውነተኛ ሠራተኞች ስም ሁለት አካውንት ተዘጋጅቶ፣ በእጅ እንደሚጻፍ ደብዳቤ በእርጋታ ይላክ የሚል ነው።

የሽያጭ ሰው

ሰርቨር ጠባቂ ስለ ዶሜይኖቹ ብዛትና ስለ መዝገቦቹ በጻፉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከዋናው ዶሜይን ይላክ በሚለው ላይ ግን አልስማማም። ለውጭ ደንበኞች አገልግሎት በሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ስለምሠራ፣ የማየው አደጋ ሌላ ነው። በዋናው ዶሜይን የሚላኩት የጭነት ሰነዶች፣ የሌተር ኦፍ ክሬዲት (የባንክ ክፍያ ዋስትና) ማሻሻያዎችና ከባንክ ጋር የሚደረጉ ልውውጦች ናቸው። የማያውቋችሁ ሰዎች በሚያቀርቡት ቅሬታ የዶሜይኑ ስም ቢጎድፍ፣ መርከቡ ጂቡቲን ለቆ ሳለ የቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ቅጂ የገዢው አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ፣ ደግሜ እላለሁ አንድ ብቻ፣ ተጨማሪ ዶሜይን ይግዙ። ስሙ ከዋናው ጋር በፊደል የሚምታታ ሳይሆን፣ ድርጅቱን በግልጽ የሚያሳይና ሲከፈት ወደ ዋናው ድረ ገጽ የሚያደርስ ይሁን፤ በዋናው ድረ ገጽ የአድራሻ ገጽ ላይም «በእነዚህ ሁለት ዶሜይኖች ብቻ እንጽፋለን፤ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል አናሳውቅም» ብሎ መጻፍ የማጭበርበሩን ስጋት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ገዢው ፍላጎት ካሳየ በኋላ ንግግሩን ወደ ዋናው ዶሜይን ማዛወር ነው።

በዚያ ዶሜይን ላይ ሁለት አካውንት ይበቃል። አሊያስ ማለትም ተለዋጭ ስም እንደ ሁለተኛ አካውንት እንዳይቆጠር፤ የሚላከው ከዚያው ሳጥን ስለሆነ የሚጋራው ያንኑ ገደብና ያንኑ ስም ነው። አካውንቱ የእውነተኛ ሰው ስም፣ ፎቶና ስልክ ቁጥር ያለው ፊርማ ይኑረው፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ይከፈትለት።

አውቶማቲክ ማሟሟቂያውን በተመለከተ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ይቅርባችሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አገልግሎቱ የደንበኞቹን አካውንቶች በአንድ መረብ ያስተሳስርና እርስ በርሳቸው ትርጉም የለሽ መልእክት ያጻጽፋቸዋል፤ ከአይፈለጌ ሳጥን ያወጣቸዋል፤ ይከፍታቸዋል፤ ይመልስላቸዋል፤ ከዚያም በገጹ ላይ «ጤናችሁ ዘጠና ስምንት በመቶ ነው» የሚል ቁጥር ያሳያችኋል። ቁጥሩ የሚለካው የራሱን መረብ ብቻ ነው፤ ሀምቡርግ ያለው አስመጪ የሚጠቀመው ማጣሪያ ስለ እናንተ ምን እንደሚያስብ አይነግራችሁም። ጎግልም ይህን አሠራር አይወደውም፤ ጂማስ የተባለው የታወቀ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የማሟሟቂያ አገልግሎቱን የዘጋው በጎግል ጫና ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለእነዚህ አገልግሎቶች የምትሰጡት የሳጥናችሁን ሙሉ መግቢያ ነው፤ ውል፣ ዋጋና የባንክ መረጃ ያለበትን ሳጥን ለማያውቁት ድርጅት ከፍቶ መስጠት ለእኔ ከስፓም የባሰ ነው።

ታዲያ አካውንት በምን ይሟሟቃል? በእውነተኛ ደብዳቤ ነው። ወጪ ነጋዴ የሚጻጻፈው ሰው አይጠፋውም፤ ትራንዚተሩ፣ የመድን ድርጅቱ፣ የጥራት መርማሪው፣ የባንኩ የውጭ ንግድ ክፍል፣ የመርከብ ወኪሉ፣ ያለፈው ዓመት ገዢ ሁሉ አሉላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ አካውንት ለእነዚህ ሰዎች በቀን አምስት ስድስት መልእክት ይጻፍ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ለአዳዲስ ገዢዎች የምንጽፈው በዚህ አድራሻ ነው፤ እባክዎ መድረሱን ያሳውቁን» ቢባሉ አብዛኞቹ ይመልሳሉ። መልእክቱ አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ የገባባቸው ካሉ እንዲያወጡትና አድራሻውን እንዲመዘግቡ ይጠየቁ። ተቀባዮቹ ጂሜይልም፣ አውትሉክም፣ የራሳቸው ሰርቨር ያላቸውም ቢሆኑ ይመረጣል። በሁለተኛው ሳምንት ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም ተስማሚ ናቸው የምትሏቸውን በቀን አምስት ያህል ጨምሩ፤ ከዚያም ምላሹን እያያችሁ በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ወደ ሃያ ከፍ አድርጉት። እኔ ከሃያ አምስት አላልፍም። ከተላከው ውስጥ ከመቶ ሁለት በላይ «አድራሻው የለም» ተብሎ ተመልሶ ከመጣ መላኩን አቁሜ ዝርዝሩን እመረምራለሁ፤ የንግድ ትርኢት ማውጫ ላይ ያለ አድራሻ ሰውየው ከሥራ ከለቀቀ በኋላም ለዓመታት እዚያው ስለሚቆይ፣ በእጅ የተለቀመ ዝርዝርም ቢሆን ሳይጣራ አይላክ።

ደብዳቤው ራሱ የማሟሟቁ ግማሽ ነው። ሰሊጥን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ለጣሂና ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ግን የድርጅቱን ታሪክ በሦስት አንቀጽ መተረክ አያስፈልግም። የሚበቃው የሁመራ ዓይነት ነጭ ሰሊጥ እንዳላችሁ፣ ንጽሕናው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በሃምሳ ኪሎ ከረጢት ታሽጎ በአንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር አሥራ ዘጠኝ ቶን እንደሚጫን፣ ዋጋው ኤፍኦቢ ጂቡቲ (ዕቃው ጂቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ያለውን ወጪ የያዘ) እንደሆነና አንድ ኪሎ ናሙና መላክ እንደምትችሉ የሚናገር አራት መስመር ነው። የዘይት ፋብሪካ ከሆነ ስለ ወለጋው ሰሊጥ ይጻፍለት። ይህን ለይቶ የጻፈ ሰው ለሰባት መቶ ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከላከው ጋር አንድ አይደለም፤ ማጣሪያውም ገዢውም ይህን ያያሉ።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አባሪ አይኑር፤ የድርጅቱ መግለጫ ፒዲኤፍም ቢሆን ምላሽ ሲመጣ ይላካል። ርዕሱ ላይ ያልነበረ ንግግር የነበረ ለማስመሰል «መልስ» የሚል ምልክት ማስገባት አሳፋሪም፣ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለም ነው። ማን እንደከፈተው የሚቆጥረውን ስውር ምስል አጥፉት፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሜይል መተግበሪያው ምስሎችን ተቀባዩ ሳይከፍታቸው አስቀድሞ ስለሚጭን፣ ቁጥሩ አያስተማምንም። የሚቆጠረው ምላሽ ነው። መልስ ካልመጣ በዚያው ደብዳቤ ሥር ከሳምንት በኋላ አንድ፣ ካስፈለገም ከዚያ ዘግየት ብሎ ሌላ አንድ ማስታወሻ ይላካል፤ ሦስተኛ አይጨመርም።

ከሀይፋ

የእስራኤሉን ክፍል በተመለከተ እዚህ ስለምኖርና በምግብ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ስለምሠራ ጥቂት ልጨምር። የኢትዮጵያ ሰሊጥ፣ በተለይ የሁመራው፣ እዚህ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም፤ የጣሂና አምራቾች ማሸጊያቸው ላይ ስሙን ጽፈው የሚሸጡበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ለዚህ ገበያ የሚጻፍ ደብዳቤ ሰሊጡን ከማሞገስ ይልቅ ጭነቱ መቼ እንደሚደርስና ጥራቱ ከኮንቴይነር ኮንቴይነር እንደማይለያይ ቢናገር ይሻላል።

ሕጉ ግን ጠንከር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 30ሀ፣ ያለ ተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት መላክን ይከለክላል፤ ተቀባዩም ጉዳት መድረሱን ሳያስረዳ ለእያንዳንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሰቅል ካሣ በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ አገር ሰዉ ይህን መብቱን ያውቃል፤ ይከሳልም። ሆኖም ሕጉ ለንግድ ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ «መረጃ ልንልክላችሁ ትፈቅዳላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅን ይፈቅዳል። ስለዚህ ለእስራኤል ዝርዝር የመጀመሪያው ደብዳቤ ጥያቄ ይሁን፤ የሽያጭ ሰው ያሉት ተከታይ ማስታወሻም ለዚህ ገበያ አይላክ። ከዚያ ይልቅ ስልክ መደወል የተሻለ ነው።

የሥራ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ የተላከ ደብዳቤ እሑድ ጠዋት ከሌላው ክምር ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ዱባይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዕረፍቷ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ የሁለቱን ዝርዝር በአንድ ፕሮግራም አትላኩት።

የሽያጭ ሰው

ከሀይፋ ያሉት ልክ ነው፤ ተከታይ ማስታወሻውን የጻፍኩት ለአሜሪካና ለዱባይ አስቤ ነበር። ሕጉ ከተነሣ ደግሞ ጀርመንም ከዝርዝሩ መውጣት አለባት። የጀርመን የንግድ ውድድር ሕግ አንቀጽ 7 ያለ ግልጽ ቅድመ ፈቃድ የሚላክ የኢሜይል ማስታወቂያን ለድርጅትም ቢሆን ይከለክላል። ለድርጅት ስልክ መደወል ግን ተቀባዩ ፍላጎት ይኖረዋል ተብሎ በአግባቡ የሚገመት ከሆነ ይቻላል። እኛ ለጀርመኖች የምናደርገው ደውለን ማንን ማነጋገር እንዳለብን መጠየቅና «ዝርዝሩን በኢሜይል ላኩልኝ» ሲባል መላክ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው ደብዳቤ ተቀባዩ የሚጠብቀው ስለሆነ አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ የመግባት ዕድሉም አነስተኛ ነው። በየሁለት ዓመቱ ኮሎኝ ላይ የሚካሄደው አኑጋ የተባለው የምግብ ንግድ ትርኢትም ፈቃድ የሚሰበሰብበት ጥሩ ቦታ ነው።

በአሜሪካ ቅድመ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ካን ስፓም የተባለው እ.ኤ.አ. የ2003 ሕግ ትክክለኛ የፖስታ አድራሻ፣ የማያሳስት ርዕስና «አትጻፉልኝ» የሚባልበት ግልጽ መንገድ እንዲኖር ያስገድዳል፤ ጥያቄውም በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የእኛም አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ፈቃድ የሚላክ የኢሜይል ማስታወቂያን ያስቀጣል፤ የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ እንዲሁም ቀላል የመከልከያ መንገድ ያለበትን ግን ለይቶ ይመለከተዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ የድርጅቱን አድራሻና «ዳግም እንዳንጽፍልዎ ከፈለጉ በአንድ ቃል ይመልሱልን» የሚል መስመር አስገቡ። እንዳይጻፍላቸው የጠየቁት ስሞች በአንድ ፋይል ተይዘው ሁለቱም ሠራተኞች ከመላካቸው በፊት ይመልከቱት፤ አንዱ የተወውን ሌላው ከጻፈለት ቅሬታው የሚመጣው ያኔ ነው።

ሰሊጥ ላኪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ኦሪጂናሉን አሳይ» የሚለውን ስከፍት ኤስፒኤፍ «ፐርምኤረር» (ቋሚ ስሕተት) ይላል፤ ዲኪም ጭራሽ አይታይም። ዲኤንኤሱን የሚያስተዳድርልን ባለሙያ እንደነገረኝ ሁለት የኤስፒኤፍ መስመሮች አሉ፤ አንዱ የድረ ገጹ አስተናጋጅ፣ ሌላው የጎግል ነው። የዲኪሙን ቁልፍ ለማስገባት ሲሞክር ደግሞ ገጹ «ጽሑፉ ረዝሟል» እያለ አይቀበለውም። ሥራ አስኪያጁ ስድስቱን ዶሜይን በአንድ ለመተካት ተስማምተዋል፤ እስራኤልና ጀርመንም ለብቻቸው ተለይተዋል። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ አዲሱን ዶሜይን አሁኑኑ ገዝተን መዝገቦቹ እስኪስተካከሉ ብናቆየው ይጎዳል?

ሰርቨር ጠባቂ

አይጎዳም፤ እንዲያውም ዛሬ ገዝታችሁ ለጥቂት ሳምንታት ሳይላክበት ቢቆይ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ወደ ዋናው ድረ ገጽ እንዲያመራ አድርጉትና ሦስቱን መዝገቦች አስገቡለት። የሽያጭ ሰው ስለ ተለየ ዶሜይን ያነሡት የጭነት ሰነድ ጉዳይ ያሳምናል፤ በአድራሻ ገጹ ላይ የሚጻፈው ማስታወቂያ እስካልቀረ ድረስ ተቃውሞ የለኝም።

ሁለቱን የኤስፒኤፍ መስመሮች በተመለከተ፣ ባለሙያው አንዱን ሰርዞ የተሰረዘው ያካተተውን በቀሪው መስመር ውስጥ፣ ከመጨረሻው «ኦል» ከሚለው ቃል በፊት ያስገባ። ከኦል በኋላ የሚጻፍ ነገር አይነበብም። የድረ ገጹ አስተናጋጅ በስማችሁ ኢሜይል የሚልክ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ«ያግኙን» ቅጽ የሚመጣው መልእክት በእሱ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ብቻ ነው መቆየት ያለበት፤ ካልሆነ ከነጭራሹ ይውጣ።

የዲኪሙ ቁልፍ ረዘመ የተባለው በ2,048 ቢት ስለተመነጨ ነው። በዲኤንኤስ ላይ አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ፊደል መብለጥ ስለማይችል፣ አንዳንድ ገጾች ቁልፉን በሁለት ቁራጭ ከፍለው እያንዳንዱን በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንዲያስገቡት ይፈልጋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲነበብ ይጠፋል። ገጹ ይህንንም ካልተቀበለ የዶሜይኑን ዲኤንኤስ ወደ ሌላ አገልግሎት ማዛወር ይሻላል፤ በ1,024 ቢት የተመነጨ ቁልፍም ይሠራል፤ እኔ ግን እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ ነው የማየው። መዝገቡ ከገባ በኋላ በጎግል አስተዳዳሪ ገጽ ማረጋገጫውን ማስጀመሩን አይርሳ፤ ለውጡ እስኪዳረስ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል።

ዲማርኩ በዋናው ዶሜይን ላይ ምንም እርምጃ በማያዘው ደረጃ ይጀምር። ወደ እገዳው ከማሳደጋችሁ በፊት፣ የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ የሚልክበት ሶፍትዌርና የያግኙን ቅጹ በሪፖርቱ ላይ አልፈው መታየታቸውን አረጋግጡ፤ ያለዚያ መጀመሪያ የሚታገደው የራሳችሁ ደረሰኝ ይሆናል።